የአምብሮስዮ ሚስት

እህቴ ፌሊሳ ሁለት ጊዜ አግብታለች። የመጀመሪያውን ያገባችው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ደወል ተደውሎ፣ አበባ ተበትኖ፣ የከተማው ሰው ግማሹ ተጠርቶ። ሁለተኛውን ያገባችው ማዘጋጃ ቤት፣ ከንቲባው ፊት ነው። ምስክሮቹ እኔና አንድ ዓሣ ነጋዴ ነበርን፤ ደጅ ላይ ጠመንጃቸው ላይ ሳንጃ የሰኩ ሁለት የጃፓን ወታደሮች ቆመው ነበር። ሰው ሁሉ የሚያስታውስላት የመጀመሪያውን ሠርግ ነው። እሷ ግን ትዳሬ የምትለው ሁለተኛውን ነበር።

የመጀመሪያው ባሏ ሂላርዮ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ጊታር ይጫወታል፣ ቀልድ ያውቃል፤ ፀጉሩ ያላደገ ሰው እንኳ ወሬውን ሊሰማ ሱቁ ይሄዳል። አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ዓመት ሳይሞላው በትኩሳት ሞተባቸው። ከዚያ ወዲህ ሂላርዮ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተው። ጦርነቱ ሳይጀመር ገና፣ ሚንዶሮ ደሴት ሥራ ተገኘ ብሎ በጀልባ ሄደ። ሥራም አገኘ፣ ሴትም አገኘ፣ እዚያው ቀረ።

እህቴ አላለቀሰችም፤ ቢያንስ እኔ ፊት አላለቀሰችም። ጥልፏን ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ያኔ በፊሊፒንስ ፍቺ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ባልሽን ከሌላ ሴት ጋር ይኖራል ብለሽ በወንጀል ከሰሽ ካላስፈረድሽበት በቀር የሚያፋታሽ ሕግ የለም። እሷ ደግሞ ሰው የማሳሰር አንጀት የላትም። ስለዚህ ባል እያላት ባል የሌላት ሆና ቀረች። ግብዣ ላይ ከመበለቶቹ ጋር እንዳትቀመጥ መበለት አይደለችም፤ ከባለትዳሮቹም ጋር እንዳትቀመጥ ባሏ የለም። እያደር ግብዣ መሄዱን ራሱ ተወችው።

አምብሮስዮ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከከተማችን ወጣ ብሎ ሐይቁ ዳር ዳክዬ የሚያረባ፣ ሚስቱ ፕላሲዳ የሞተችበት፣ ልጅ ያልወለደ ሰው ነው። ንግግሩ ዝግ ያለ ነው፤ አንድ ነገር ጠይቀሽው መልሱ እስኪመጣ ድረስ ሌላ ሥራ ትጨርሺያለሽ። በየሳምንቱ እንቁላል ያመጣላታል። መጀመሪያ ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ይሄድ ነበር፤ ቀጥሎ ደረጃው ላይ ይቀመጥ ጀመር፤ በመጨረሻ ውሃ ጠይቆ ገባ።

ጃፓኖች በገቡ በሁለተኛው ዓመት፣ ማኒላ ላይ ያስቀመጧቸው የእኛው ሰዎች አዲስ የፍቺ ሕግ አወጡ። ትቷት የጠፋን ባል ሚስት ከስሳ መፋታት ትችላለች ተባለ። ወሬውን ያመጣው አምብሮስዮ ነው። ደረጃው ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ፣

«ፌሊሳ፣ ሕግ ወጥቷል አሉ» አላት።

«የምን ሕግ?»

ባርኔጣውን አንድ ዙር አዞረና፣ «አንቺ ብትፈልጊ... እኔ እፈልጋለሁ» አለ። በዚያ ዓመት ከአፉ የወጣ ረጅሙ ንግግር ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

እህቴ ሌሊቱን አልተኛችም። ጠዋት እኔ ዘንድ መጣች። «ቢቢያና፣ ድልድዩ ላይ ለጃፓን ወታደር ጎንበስ ካላልሽ በጥፊ ይሉሻል። እነዚያው ሰዎች ናቸው እንግዲህ ነጻ የሚያወጡኝ። ይኼ ምን ይባላል?»

«ዕድል ይባላል» አልኳት። «ሂጂና ክሰሺ።»

ሳንታ ክሩዝ፣ የአውራጃው ፍርድ ቤት ሄዳ ከሰሰች። ለሂላርዮ ሚንዶሮ ድረስ መጥሪያ ተላከ፤ አልመጣም። ዳኛው ምስክር ሰምተው ፍቺውን ወሰኑ። ወዲያው በወሩ ከአምብሮስዮ ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተጋቡ።

ገበያ ውስጥ «የጃፓን ሙሽራ» ይሏት ጀመር። አንዷ ዓሣ ሻጭ ሚዛኗን እንደያዘች፣ «ከቶኪዮ ነው ከማኒላ የተዳርሽው፣ ውዴ?» አለቻት። ፌሊሳ ዓሣዋን ይዛ ሄደች። አባ ሴቬሪኖ፣ የከተማችን ቄስ፣ ክፉ ቃል አልተናገሯትም። ግን ቅዳሴ ላይ ለመቁረብ ስትጠጋ እሷን አልፈው ለሚቀጥለው ሰው ሰጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ሰው ሳይወጣ ቀድማ ትወጣ ነበር። አምብሮስዮም አብሯት ይወጣል። ያኔ ሁለት ነበሩ፣ አይከብድም።

ኑሯቸውን አይቻለሁ። ከመጠን በላይ የሚዋደዱ አይነት አይደሉም፤ ተስማምተው የሚሠሩ ናቸው። ጠዋት እሱ ዳክዬዎቹን ወደ ሐይቁ ሲነዳ እሷ በረቱን ትጠርጋለች። ማታ ላምባ በሌለበት በጨለማ ደጅ ተቀምጠው የተቀቀለ ስኳር ድንች ይበላሉ። እህቴ ስትስቅ የሰማሁት በዚያ ጊዜ ነው፤ በምን እንደሚያስቃት ግን አንድም ቀን አልነገረችኝም።

አሜሪካኖች ሊመለሱ ሲቃረቡ ጃፓኖች ወንዱን ሁሉ ለቅመው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘጉበት። ፊቱን በጆንያ የሸፈነ ሰው በየተራ እያየ፣ ይኼ ሽፍታ ነው፣ ይኼ አይደለም እያለ በጣቱ ይጠቁማል። የተጠቆመው ተወሰደ፤ አልተመለሰም። አምብሮስዮ ሳይጠቆም ቀረ። ግን በረሃብና በጥም፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተኝቶ ከረመ። ሲወጣ ሳል ይዞት ወጣ። ቤታቸው ተቃጥሏል፣ ዳክዬዎቹ ተበልተዋል። ሁለቱ ሆነው አዲስ ቤት ከቀርከሃ ሠሩ፤ እሱ ሦስት ቀርከሃ አስሮ ይቀመጥና ያስላል፣ እሷ ትቀጥላለች። ጥቂት ጫጩቶችም ገዙ።

ሰላም ሲሆን ሌላ ወሬ መጣ። በጃፓን ጊዜ የተደረገው ሁሉ ፈርሷል ተባለ። ብሩ ወረቀት ሆኗል፣ ሹመቱ ቀርቷል፣ ሕጉም ተሽሯል። እንግዲህ ፍቺውስ? ማንም አያውቅም። አንዱ ፍርድ ቤት ጸንቷል ይላል፣ ሌላው የለም ይላል አሉ። ፌሊሳ ሰምታ ወደ ጥልፏ ተመለሰች። አምብሮስዮ ዝም አለ፤ የእሱ ዝምታ ግን የቆየ ነውና አላስተዋልነውም።

በዝናቡ ወራት ሳሉ በረታበት፣ ደም መትፋት ጀመረ። ወንድሙ ጋውዴንስዮ አባ ሴቬሪኖን ይዞ መጣ። ቄሱ ከበሽተኛው ጋር ብቻቸውን ቆይተው ወጡና፣ ፌሊሳን ሳያዩ ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ። እኔ ሾርባ ይዤ ደርሼ ነበርና በር ላይ ቆሜ የሆነውን ሰማሁ።

«ፌሊ» አላት አምብሮስዮ።

«አቤት።»

«ለጥቂት ቀን... እህትሽ ዘንድ ብትሆኚስ?»

«ማን ያስታምምሃል?»

«ማርሴላ ትመጣለች» አለ። ማርሴላ የወንድሙ ሚስት ናት። ብዙ ሳለ። «አባ... አንቺ እዚህ ቤት እያለሽ አያናዝዙኝም። ሳልናዘዝ ልሞት አልችልም፣ ፌሊ። እፈራለሁ።»

እህቴ ቆመች። ከዚያ ሁለት ቀሚሷንና የጥልፍ ክሯን በጨርቅ ጠቀለለች። ምድጃው ላይ የነበረውን የሩዝ አጥሚት አወረደች። ማርሴላ ስትገባ፣ «ትራሱን ከፍ አድርጊለት፣ በጀርባው ሲተኛ ያፍነዋል» አለቻት። አምብሮስዮ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። እሱ ሲያለቅስ አላየሁም፤ ግን ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ሳልም አልነበረም።

እኔ ዘንድ መጣች። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ጃንጥላ ይዛ እስከ ሐይቁ መንገድ ትሄዳለች፤ ቤቱ ከሚታይበት ቦታ ቆማ ትመለሳለች። አንድ ቀን ጭስ አልወጣም፤ ሌላ ቀን ሰው በዝቶ አየች። እንዲህ ነው የሞቱን መርዶ የሰማችው፤ የነገራት ሰው የለም፣ አይታ ነው ያወቀችው።

ቀብሩ ላይ ከሻማ ሻጮቹ አጠገብ ቆመን ነበር። አምብሮስዮን ከፕላሲዳ ጋር በአንድ መቃብር አስገቡት። ፌሊሳ ትንሽ ቀረብ ስትል ማርሴላ ዞር ብላ፣ ጮክ ሳትል፣ «ሚስቱ ከጎኑ ናት» አለቻት።

ከሳምንታት በኋላ ጋውዴንስዮ ቤቱንና የዳክዬውን በረት የወንድሜ ነው ብሎ ያዘ። ፌሊሳ፣ «ይውሰዱት» አለች። እኔ ተናደድኩ፤ በገዛ እጅሽ የሠራሽውን ቤት አልኳት፤ አልሰማችኝም። ሐሳቧን ያስለወጣት ሌላ ነገር ነው። ማዘጋጃ ቤት ለሌላ ጉዳይ ሄዳ ጸሐፊውን አምብሮስዮ በሞተ ጊዜ ምን ብላችሁ መዘገባችሁት ብላ ጠየቀችው። ጸሐፊው ገልጦ፣ «ሚስቱ ፕላሲዳ፣ የሞተች» ብሎ አነበበላት።

ቤት ስትገባ ፊቷ አመድ መስሏል። «ቢቢያና» አለች፣ «እዚያ ቤት ውስጥ ማን ነበርኩ? ሠራተኛ ነበርኩ? እንግዳ ነበርኩ? ይንገሩኝ። ከዚያ በኋላ ቤቱን ይውሰዱት።»

እንደዚህ ነው ጠበቃ የያዝነው። ጠበቃው ሩፊኖ ወጣት ነው፣ ላብ በላብ የሚሆን፣ ግን ልቡ ጥሩ። የእነ ጋውዴንስዮ ጠበቃ የሚለው ሁለት ነገር ነው አለን፤ አንደኛ፣ የጃፓን ጊዜ ሕግ ሕግ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሂላርዮ መጥሪያ አልደረሰውም፣ ስለዚህ ፍቺው ያለ እሱ የተደረገ ነው። «ስለ መጀመሪያው እኔ እከራከራለሁ» አለ ሩፊኖ። «ለሁለተኛው ሰውዬው ራሱ ያስፈልጋል።»

እኔና ፌሊሳ ተያየን። «አይመጣም» አልኩ እኔ። «ለገዛ ልጁ ቀብር እንኳ ዘግይቶ የመጣ ሰው ነው።»

መጣ። ሩፊኖ ደብዳቤ ልኮለት ነበር፤ የፍርድ ቤቱ ቀን ጠዋት፣ ሳንታ ክሩዝ ጀልባ ማቆሚያ ላይ ቆሞ አገኘነው። ከስቷል፣ ሽበት ወሮታል፣ የሚጠበው የሰው ጫማ አድርጎ ያነክሳል። በእጁ የደረቀ ዓሣ የሞላ ቅርጫት ይዟል።

«ደግሞ ዓሣ ይዘህ መጣህ?» አልኩት።

«ምላስሽ አሁንም አልደነዘም፣ ቢቢያና» አለኝ። «ባዶ እጄን ስመጣም ትሳደቢያለሽ፣ ይዤ ስመጣም ትሳደቢያለሽ። ያው ይዤ ልሰደብ ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ እህቴ ዞረ። ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፋ። «ደህና ነሽ፣ ፌሊሳ?»

«ደህና ነኝ። መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ማዕበል ነበረው።»

ተለያይተው ለኖሩበት ለዚያ ሁሉ ዘመን የተባባሉት ይኼን ብቻ ነው።

ችሎቱ ውስጥ የጋውዴንስዮ ጠበቃ፣ ወፍራም፣ ነጭ ሱፍ የለበሰ ሰው፣ ሂላርዮን አፋጠጠው። «መጥሪያ ደርሶኛል ትላለህ። ታዲያ ለምን አልመጣህም?»

«የምለው ስላልነበረኝ ነው፣ ጌታዬ። ትታኝ አልሄደችም። ትቻት የሄድኩት እኔ ነኝ።»

«ከዚያ በኋላ አንተም አግብተሃል?»

«አዎ። ፍቺው ሲደርሰኝ አብራኝ የምትኖረውን ሴት አገባሁ። ሦስት ልጆች አሉን።»

«እንግዲያው የመጣኸው ለራስህ ጥቅም ነው!»

«ለልጆቼም ነው፣ አልዋሽም። ዲቃላ እንዳይባሉ እፈልጋለሁ።»

«ጠላት ባወጣው ሕግ መፈታትህ አያሳፍርህም?»

«ጌታዬ፣ ሕጉን ማን እንዳወጣው እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፣ አላውቅም። ግን ሚስቴን ትቼ የሄድኩት ጃፓን ከመምጣቱ በፊት ነው። እሱን ጃፓን አላደረገውም። እኔ ነኝ ያደረግኩት።»

ችሎቱ ውስጥ የነበረው ሰው አጉረመረመ። ፌሊሳ ወለሉን ነው የምታየው።

ችሎቱ ለምሳ ሲነሣ ሦስታችን ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጥን። እኔ የሙዝ ቅጠሉን ፈታሁ፤ ሩዝና የእሱን ዓሣ በላን። ሂላርዮ ጫማውን አውልቆ ጣቶቹን ያሻል።

«ይወድሽ ነበር?» አላት በድንገት።

«ዳክዬዎቹን ይወድ ነበር» አለች ፌሊሳ። ሂላርዮ ሳቀ። እሷም ልትስቅ ነበር፤ አልወጣላትም። «ይወደኝ ነበር» አለች ቀጥላ። «ግን አስወጣኝ።»

ሂላርዮ ዓይኑን ወደ ሩዙ መለሰ። ምን ይላል? እሱም ትቷት የሄደ ነው። ሩዙን ጨርሶ እጁን ጠረገና ስለ ልጆቹ አወራት፤ ትልቁ ያነባል፣ ትንሿ ጥርሷን እየነቀለች ነው። ስማቸውን ጠየቀችው፤ አንድ በአንድ ነገራት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የእኛው ቢኖር አሁን ጺም ያበቅል ነበር» አላት። ፌሊሳ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ቅጠሉን ልጥል ተነሣሁ፤ በመሀላቸው የምቀመጥበት ነገር አልነበረም።

ማታ ጀልባው ላይ ሸኘነው። ፌሊሳ ለትንሿ ልጁ ራሷ የጠለፈችውን መሀረብ ሰጠችው። ጀልባው ሲርቅ እጁን አላወዛወዘም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ይዞ ቆመ።

ፍርዱ የወጣው ከወራት በኋላ፣ ሙቀቱ በበረታበት ጊዜ ነው። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፣ ቀስ ብለው ያነባሉ። በጠላት አገዛዝ ሥር ያለ ሕዝብም ይጋባል፣ ይፋታል፣ ይወልዳል፣ ይቀብራል አሉ። የጠላትን የፖለቲካ ሥራ መሻር ተገቢ ነው፤ ሰው የኖረውን ኑሮ ግን እንዳልተኖረ ብናደርገው የምንቀጣው ጠላትን ሳይሆን ራሳችንን ነው አሉ። ፍቺው የጸና ነው። ጋብቻው የጸና ነው። ከሳሽ የሟች አምብሮስዮ ሕጋዊ ሚስት ናት፤ የሠሩት ቤት ግማሹ የራሷ ነው፣ በቀረውም እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ ትኖርበታለች።

ሩፊኖ ዘለለ ማለት ይቻላል። እኔ አለቀስኩ። ፌሊሳ ተነሥታ ዳኛውን እጅ ነሣች፤ ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ «አምብሮስዮ ይኼን ሳይሰማ ሄደ» አለችኝ።

ወደ ከተማችን እንደተመለስን ቤቷ ሳትገባ ቀጥታ የሄደችው ወደ አባ ሴቬሪኖ ነው። ቄሱ በአትክልታቸው ውስጥ ነበሩ።

«አባ፣ ፍርድ ቤት ሚስቱ ነሽ ብሎኛል።»

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ። የመንግሥት ፍርድ ነው። የቤተ ክርስቲያን ግን አልተለወጠም።»

«እሱን ልከራከርዎ አልመጣሁም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሲናዘዝ... እኔን እንደ ኃጢአት ቆጠረኝ?»

ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፣ እጃቸው ላይ አፈር ነበር፤ እጃቸውን ያያሉ። «ያለኝን ልነግርሽ አልችልም» አሉ በመጨረሻ። «ታውቂያለሽ፣ አልችልም።»

«አውቃለሁ» አለች እህቴ። «እንዲያው ፊትዎን አይቼ የማውቅ መስሎኝ ነው።»

አላወቀችም። እስከ ዛሬም አታውቅም። የፈራው ሞትን ብቻ ይሁን፣ ወይስ ከልቡ ሚስቱ አይደለችም ብሎ አምኖ ይሁን፣ ያንን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሞቷል፣ ሌላው አይናገርም።

ወደ ሐይቁ ቤት ተመለሰች። ጋውዴንስዮ ቁልፉን በሰው ላከላት። እሷም ዳክዬ ጨመረች፣ የተቀደደውን ግድግዳ ጠገነች። ገበያ ላይ «የጃፓን ሙሽራ» ማለት ቀረ፤ ሌላ ነገር ማለትም ቀረ። ሰው ሰላም ይላታል፣ እንቁላል ይገዛታል፣ ይሄዳል።

በዚያው ዓመት በሙታን መታሰቢያ ቀን፣ እንደ ከተማው ሰው ሁሉ፣ ሻማና በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝ ይዘን መቃብር ቦታ ሄድን። እነ ጋውዴንስዮ መቃብሩን ከበው ምንጣፍ ዘርግተዋል። ማርሴላ ስታየን፣ «ፍርድ ቤት የፈቀደላት መጣች» አለች።

«ተጠጊ» አላት ጋውዴንስዮ ሚስቱን።

«ምን?»

«ተጠጊ አልኩሽ፣ ትቀመጥ።» እኛን ሳያይ ነው የተናገረው፤ የሲጋራውን ጭስ እያየ።

ፌሊሳ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ሻማ አበራች፤ አንዱን ለአምብሮስዮ፣ አንዱን ለፕላሲዳ። ማርሴላ አየቻት። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ በዚያ ተቀምጠን፣ በየመቃብሩ ሰው ሲበላና ሲሳሳቅ እየሰማን፣ ከእነሱ ጋር አንድ ቃል ሳንለዋወጥ ዋልን። ሲነሡ ማርሴላ የተረፈውን ሩዝ በቅጠል ጠቅልላ እህቴ አጠገብ አስቀምጣ ሄደች። ዕርቅ አይባልም፤ ሩዝ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መንገዱ መለያያ ላይ ደረስን። «እትዬ፣ ዛሬ እኔ ዘንድ እደሪ» አልኳት። «በዚህ ቀን ብቻሽን አትሁኚ።»

«አይ» አለች። «ለዚህ ቤት ፍርድ ቤት ድረስ ቆሜ፣ አሁን ባዶውን ላሳድረው?»

ፈገግ ልትል ሞከረች። የሩዙን ጥቅል ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች፣ ጉንጬን ሳመችኝና በሐይቁ መንገድ ሄደች። ሰዉ ሁሉ በቡድን በቡድን እያወራ ወደ ከተማው ይመለሳል፤ በዚያ በኩል የሚሄድ ከእሷ በቀር አልነበረም። መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ቆሜ አየኋት።